አንድ ቁልፍ ስንት በር ይዘጋል? «ፕራይቬት አድርገህ ተገላገል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የምንለጥፈውን ማን እንደሚያየው መቆጣጠር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው ይላል። ነጥቦቹ ስድስት ናቸው። አካውንትን ፕራይቬት ማድረግ ብቻውን ይበቃል። ይህን ሲያደርጉ የቆየው ፖስትም አብሮ ይዘጋል። «ለጓደኞች ብቻ» የተባለ ነገር ከጓደኛ አያልፍም። ስልክ ቁጥር ለደኅንነት የሚሰጥ ስለሆነ ከኩባንያው ውጭ ማንም አያገኘውም። የማይሆን ነገር ከወጣ ማጥፋት ነው። በመጨረሻም፣ ከዚህ በላይ የሚጨነቅ ሰው የሚደብቀው ጉድ አለው።

ጸሐፊው ቀላል ምክር ለመስጠት መፈለጉን አንነቅፍም። ሃያ ገጽ የሴቲንግ ዝርዝር የተሰጠው ሰው አንዱንም ሳይነካ ስልኩን እንደሚያስቀምጥ የታወቀ ነው። የምናነሣው ቅሬታ ምክሩ በቆመበት መሠረት ላይ ነው። ጽሑፉ አካውንትን እንደ አንድ ቤት፣ ፕራይቬት የሚለውን ቁልፍ ደግሞ እንደ ውጭ በር ያየዋል። ነገር ግን የጻፉት፣ የተነሡትና የሚታወቁበት ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ አያድርም። ገሚሱ በሌላ ሰው ግቢ ነው ያለው፤ የዚያን ግቢ በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም ባለቤቱ ነው። ከታች የምናርማቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማየት የመጡ ናቸው።

«አንድ ቁልፍ ይበቃል»

አንድ ቁልፍ ያላቸው አሉ፦ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ኤክስ። ፌስቡክ ላይ ፕሮፋይልን በጠቅላላ መቆለፍ የሚቻለው በአንዳንድ አገሮች ብቻ ነው። በሌላው ቦታ ተመልካች የሚመረጠው ፖስት በፖስት ነው፦ ለሁሉም፣ ለጓደኞች፣ ከእገሌና ከእገሊት በቀር ለጓደኞች፣ ለተመረጡ ጓደኞች፣ ለራስ ብቻ። ምርጫው በሚጽፉበት ሳጥን ላይ ከስምዎ አጠገብ በትንሹ ተጽፎ ይታያል። የመሬት ሉል ምልክት ካዩ ለዓለም ነው፤ ሁለት ሰዎች ካዩ ለጓደኞች፤ መቆለፊያ ካዩ ለእርስዎ ብቻ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህች ትንሽ ምልክት ላይ ነው። የጠፋ ዕቃ ለማፈላለግ አንድ ቀን «ለሁሉም» ብሎ ይለጥፋል፤ የተመልካች መምረጫው ያንኑ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በሳምንቱ የልጁን ፎቶ ሲያወጣ ምልክቱን ልብ ሳይል «ለጥፍ» ይላል።

ቁልፉ ባለበት በኢንስታግራምም ቢሆን፣ መጫኑ የሚመለከተው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ተከታይ ነው። አዲሱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቀድሞ የገባው ግን እንደገባ ይኖራል። ስለዚህ ፕራይቬት ካደረጉ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ የተከታዮችን ዝርዝር ከፍቶ የማያውቁትን አንድ በአንድ «ሪሙቭ» ማለት ነው። የተወገደው ሰው መልእክት አይደርሰውም። ስምዎ፣ የፕሮፋይል ፎቶዎና ስለ ራስዎ የጻፏት አጭር መግለጫ አሁንም ለሁሉም ይታያሉ። በመግለጫዋ ውስጥ የሥራ ቦታና ስልክ የጻፈ ሰው ሌላውን መቆለፉ ብዙም አልጠቀመውም። ሌላው ቀዳዳ ደግሞ ከኢንስታግራም ወደ ፌስቡክ በቀጥታ እንዲሻገር የተያያዘ ፖስት ነው፤ በአንዱ ዝግ የሆነው በሌላው የሚታየው እዚያ በተመረጠው ተመልካች ልክ ነው። ኢንስታግራሙን ሲዘጋ ፌስቡኩን የሚረሳ ሰው ጥቂት አይደለም።

ቁልፉ ራሱም ሳይነኩት የሚከፈትበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከግንቦት 18 እስከ 27 ባሉት ቀናት በፌስቡክ በተፈጠረ የፕሮግራም ስሕተት፣ 14 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች አዲስ ሲለጥፉ መምረጫው በራሱ «ለሁሉም» ላይ ቀርቦላቸው ነበር። ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) ደግሞ በጥር 2019 እንዳመነው፣ በአንድሮይድ የሚጠቀሙ አንዳንድ ሰዎች ኢሜይላቸውን ሲቀይሩና መሰል ለውጥ ሲያደርጉ ፖስቶቻቸውን የሚጠብቀው ቁልፍ ሳያውቁት ይጠፋ ነበር። ስሕተቱ ከኅዳር 2014 ጀምሮ አራት ዓመት ከማለፉ በፊት አልታረመም። አንዴ ዘግቶ መርሳት የማያዋጣው ለዚህ ነው። በየሁለት ሦስት ወሩ ብሮውዘር ላይ ወደ አካውንትዎ ያልገቡበትን መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ከፍተው የራስዎን ገጽ ሊንክ ያስገቡ፤ የሚያዩት እንግዳ ሰው የሚያየውን ነው። በፌስቡክ «ቪው አዝ» የሚለውም ገጽዎን በሕዝብ ዓይን ያሳያል። አንድ የተወሰነ ጓደኛ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ግን የሚታመን ሰው ስልኩን እንዲያሳይዎ መጠየቅ ይሻላል።

«የቆየውም አብሮ ይዘጋል»

ለኢንስታግራምና ለኤክስ ጸሐፊው ልክ ነው፤ ቁልፉ ወደ ኋላም ይሠራል። ይህ ግን የተገላቢጦሽም ይሠራል፤ ኤክስ ላይ ጥበቃውን ለአንድ ቀን ያነሣ ሰው ተጠብቆ የኖረውን የዓመታት ፖስት በሙሉ ነው የሚከፍተው።

በፌስቡክ ስሕተት ነው። የነገው ፖስት ነባሪ ተመልካች ሲቀየር የትናንቱ ባለበት ይቀራል። የቆየውን ለመሰብሰብ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ ስለ ተመልካች በሚናገረው ክፍል «ፖስትስ» የሚለውን ከፍቶ፣ «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» የሚለውን መጫን ነው። ለሁሉም ወይም ለጓደኛ ጓደኛ ክፍት የነበረው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ «ጓደኞች» ይወርዳል። ከመጫንዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ በአንድ ጭነት የሚመለስ አይደለም፤ ለሽያጭ ወይም ለሥራ ማስታወቂያ ክፍት ሊሆን የሚገባው ፖስት ካለዎት በኋላ አንድ በአንድ ነው የሚከፍቱት። ሁለተኛ፣ ታግ የተደረጉ ሰዎችና ጓደኞቻቸው እንደ ቀድሞው ማየታቸውን ይቀጥላሉ። የሽፋን ፎቶና አሁን ያለው የፕሮፋይል ፎቶ ትንሿ ምስልም ለሁሉም እንደታዩ ይቀራሉ። የቀድሞ የፕሮፋይል ፎቶዎች ግን ሊገደቡ ይችላሉ፤ አልበሙን ከፍቶ የእያንዳንዱን ተመልካች መቀየር ነው።

ዋትስአፕም እንዲሁ ነው። የስቴተስ ተመልካችን ሲቀይሩ ለውጡ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ስቴተስ ነው። የወጣውን ከአንድ ሰው ለመደበቅ ማጥፋትና እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል፤ እሱም ያ ሰው ቀድሞ ካላየው።

«ለጓደኞች ብቻ ማለት ጓደኞች ብቻ ነው»

ከስድስቱ ነጥቦች ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን።

በታግ እንጀምር። ፌስቡክ ላይ «ለጓደኞች» ብለው በለጠፉት ፎቶ ላይ ሰው ታግ ሲያደርጉ፣ የዚያ ሰው ጓደኞችም ወደ ተመልካቹ ይጨመራሉ። 400 ጓደኞች ያሉት ሰው እያንዳንዳቸው 500 ጓደኛ ያላቸውን ሦስት ሰዎች ታግ ቢያደርግ፣ 400 የነበረው ተመልካች እስከ 1,900 ሊደርስ ይችላል። መፍትሔው ተመልካች ሲመርጡ «ከስተም» የሚለውን ከፍቶ የታግ ተደራጊዎችን ጓደኞች የሚጨምረውን ምልክት ማንሣት ነው። ወይም ከነጭራሹ ታግ አለማድረግና ፎቶውን ለሰዎቹ በግል መላክ።

ሌላ ሰው እርስዎን ታግ ሲያደርግ ደግሞ ጉዳዩ ይገለበጣል። «ፕሮፋይልና ታጊንግ» በሚለው የሴቲንግ ክፍል ታግ የተደረጉበት ፖስት ገጽዎ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድዎ እንዲጠየቅ ማድረግ ይቻላል፤ ያድርጉትም። ነገር ግን ይህ ማጣሪያ የሚጠብቀው የእርስዎን ገጽ ብቻ ነው። እርስዎ «አይውጣ» ቢሉም ፎቶው በለጠፈው ሰው ገጽ ላይ እንዳለ ነው፤ ተመልካቹም እሱ የመረጠው ነው። ስምዎን ከፎቶው ለማላቀቅ በፖስቱ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ «ሪሙቭ ታግ» ማለት ይቻላል። ፎቶው ራሱ እንዲነሣ ግን ባለቤቱን መለመን ነው። ብዙ ጊዜም «ፎቶዬን አጥፋልኝ» የሚል ቀጥተኛ መልእክት ከየትኛውም ሴቲንግ ይበልጥ ይሠራል።

ኮመንት የባሰ ነው፤ ሰው ሲጽፈው እንደ ወሬ እንጂ እንደ ፖስት አያየውም። የኮመንት ተመልካች የፖስቱ ተመልካች ነው። ሁሉም በሚያየው የዜና ገጽ ሥር «እኔም እዚያ ሆስፒታል እታከማለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ አካውንቱ የቱንም ያህል ዝግ ቢሆን፣ ይህን ለዓለም ተናግሯል። ከዚያም አልፎ የጓደኛዎ ፖስት ዛሬ «ለጓደኞች» ሆኖ ኮመንት ቢጽፉበት፣ ባለቤቱ ነገ «ለሁሉም» ብሎ ቢቀይረው ኮመንትዎ አብሮ ይወጣል። ማንም አይጠይቅዎትም። በግሩፕ ውስጥም ግሩፑ ክፍት ከሆነ የጻፉት ክፍት ነው። ኤክስ እዚህ ላይ ይለያል፤ በተጠበቀ አካውንት የሚጻፍ መልስ ለተከታዮች ብቻ ነው የሚታየው፤ በዚያው ልክ፣ የማይከተልዎት ባለ ፖስት መልስዎን አያገኘውም።

ከዚያ የጓደኛ ዝርዝር ይመጣል። ማንም ካልነገረዎት ቅድሚያ ሊዘጉ የሚገባዎት ይህ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ተመሳስሎ የሚከፈት አካውንት ነው። አጭበርባሪው የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ስም፣ ፎቶና የጓደኞች ዝርዝር። ስሙና ፎቶው ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ስለዚህ ሊነፈግ የሚችለው ሦስተኛው ብቻ ነው። ዝርዝሩ ከተገኘ በእርስዎ ስምና ፎቶ አዲስ አካውንት ይከፈትና ለእያንዳንዱ ጓደኛዎ ጥያቄ ይላካል፤ «የድሮው ተዘግቶብኝ ነው» ይባላል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ብድር ይጠየቃል። «የጓደኞችህን ዝርዝር ማን ማየት ይችላል» የሚለውን ወደ «ለራስ ብቻ» ይቀይሩ። ይህም ቢሆን ሙሉ መጋረጃ አይሆንም፤ የጋራ ጓደኞች ይታያሉ፤ ዝርዝሩን ክፍት የተወ ጓደኛ ገጽ ላይም ስምዎ ይገኛል። የሌላ ሰው ግቢ ያልነው ይኸው ነው። ግን አጭበርባሪው አንድ ዝርዝር ከመቅዳት ይልቅ መቶ ገጽ እንዲያስስ ማድረግ ራሱ ብዙውን ያሰናክላል።

«ጓደኛ» የሚለው ቃል ራሱም ያታልላል። አለቃ፣ የቀድሞ እጮኛ፣ አንዴ በስብሰባ ያገኙት ሰው፣ ሁሉም በዚያው ቅርጫት ነው ያሉት። ማስወጣት ቅር የሚያሰኝ ከሆነ ፌስቡክ «ሪስትሪክትድ» የሚባል ዝርዝር አለው። ወደዚያ የገባ ሰው ጓደኛ እንደሆነ ይቀጥላል፤ የሚያየው ግን ለሁሉም የተለጠፈውንና እሱ ታግ የተደረገበትን ብቻ ነው፤ መግባቱም አይነገረውም። በኢንስታግራም ስቶሪን «ክሎዝ ፍሬንድስ» ለሚባል አነስተኛ ዝርዝር መክፈት ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል። ማስጠንቀቂያ ብንሰጥ፣ አረንጓዴው ክብ ምልክት ተመልካቹን በዝርዝሩ ውስጥ መሆኑን ያሳውቀዋል፤ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ጎን ለጎን ቢያነጻጽሩ ማን እንደቀረ ይታወቃል።

«ስልክ ቁጥርህን ማንም አያገኘውም»

በዚህ ላይ ማስረጃው የጽሑፉ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የ106 አገሮች 533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ፣ ስልክ ቁጥርን ጨምሮ፣ በኢንተርኔት በነጻ ተለቀቀ። ኩባንያው በሰጠው ማብራሪያ መረጃው የተሰበሰበው ከመስከረም 2019 በፊት ጓደኛን በኮንታክት ለማግኘት በተሠራው መሣሪያ ነው። ዘዴው ረቂቅ አልነበረም፤ እጅግ ብዙ ቁጥር እንደ ኮንታክት ማስገባት፣ ከዚያ ሲስተሙ «ይህ ቁጥር የእገሌ ነው» እያለ እንዲመልስ መጠበቅ። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን በዚሁ ጉዳይ በኅዳር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን 265 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል።

ለደኅንነት የተሰጠ ቁጥርም ለደኅንነት ብቻ አልዋለም። ትዊተር ከ2013 እስከ 2019 ለአካውንት ጥበቃ ብሎ የተቀበለውን ስልክና ኢሜይል ለማስታወቂያ ማነጣጠሪያ በመጠቀሙ፣ በግንቦት 2022 በአሜሪካ 150 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ስለዚህ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከይለፍ ቃል ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) አይተዉት፤ ነገር ግን ከኤስኤምኤስ ይልቅ ኮድ የሚያመነጭ አፕ ይጠቀሙ። ፌስቡክም፣ ኢንስታግራምም፣ ኤክስም ይቀበሉታል። የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ ስልክ የጠፋበት ሰው የሚመለሰው በእነርሱ ነው።

በፌስቡክ ሰዎች እንዴት እንደሚያገኙዎት በሚናገረው የሴቲንግ ክፍል ውስጥ በስልክና በኢሜይል መፈለግን ወደ «ለራስ ብቻ» ያውርዱ፤ ሰርች ኢንጂን ፕሮፋይልዎን እንዲያገናኝ የሚፈቅደውንም እዚያው ያጥፉ። በቴሌግራም ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ መልሶ ይወጣል። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ፎን ነምበር» የሚለውን ከፍተው ቁጥርዎን ማን ያያል ለሚለው «ማንም» ብለው ሲመርጡ፣ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ በቁጥርዎ ማን ሊያገኝዎ ይችላል? «ሁሉም» ላይ ከተዉት ቁጥርዎን በስልኩ የመዘገበ ማንኛውም ሰው የቴሌግራም አካውንትዎን ያገኛል። ወደ «ኮንታክቶቼ» ይቀይሩት። እዚያው ገጽ ላይ ማን ወደ ግሩፕ ሊያስገባዎት እንደሚችል የሚወስነውንም እንዲሁ። ዋትስአፕ ግን ይህን ያህል አያስደብቅም፤ በአንድ ግሩፕ ከገቡ የግሩፑ አባላት ቁጥርዎን ያያሉ። የሁለት መቶ ሰው የሰርግ ወይም የዕቁብ ግሩፕ ማለት ቁጥርዎን ለሁለት መቶ ሰው መስጠት ነው።

በቲክቶክ «አካውንትህን ለሌሎች ጠቁም» የሚል ክፍል ውስጥ አራት ማብሪያዎች አሉ፤ አንዱ ለኮንታክቶች፣ አንዱ ለፌስቡክ ጓደኞች፣ አንዱ የጋራ ትውውቅ ላላቸው፣ አንዱ ሊንክ ለሚከፍቱ ወይም ለሚልኩልዎ። ስማቸውን ቀይረው የሚለጥፉ ሰዎች በዘመድ የሚደረስባቸው በእነዚህ ነው። አራቱንም ያጥፏቸው።

«ካልፈለግከው አጥፋው»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ፌስቡክ ላይ ወደ ቆሻሻ መጣያ የተላከ ፖስት በ30 ቀን ነው የሚጠፋው፤ ኢንስታግራምም የተሰረዘ ፎቶን 30 ቀን ያቆያል። አካውንትን በቋሚነት መሰረዝ ደግሞ 30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለው፤ መረጃው ከሲስተሙ እስኪወጣ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በመሐል አንድ ጊዜ ገብቶ ስረዛውን ያቋረጠ ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ለጊዜው ማቆምና መሰረዝ የተለያዩ መሆናቸውንም ጽሑፉ አደባልቆታል።

የ24 ሰዓት ስቶሪም ለተመልካቹ ነው የሚጠፋው፤ ለባለቤቱ አርካይቭ ውስጥ ይቀመጣል። ስክሪንሾት ያነሣ ሰው ካለ ኢንስታግራም ስለ ስቶሪ አያሳውቅዎትም። ስናፕቻት ያሳውቃል፤ ግን በሌላ ስልክ ካሜራ የተነሣውን ማንም አያውቀውም።

ጽሑፉ በመሐል «ቦታውን ካልጻፍክ ቦታው አይታወቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጓል። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ የቦታ መጋጠሚያ ቁጥሮችን በፋይሉ ውስጥ ሊጽፍ ይችላል። በጸረ ቫይረስ ሶፍትዌር የሚታወቀው ጆን ማካፊ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፖሊስ ሸሽቶ በተሸሸገበት ጊዜ ጓቲማላ መሆኑ የታወቀው፣ አንድ መጽሔት በለጠፈው ፎቶ ውስጥ መጋጠሚያው ተቀምጦ ስለተገኘ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ኤክስ ለተመልካች ከሚያሳዩት ቅጂ ላይ ይህን ያነሡታል። በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ ፎቶን ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለው እንደ ፋይል ከላኩት ግን መጋጠሚያው አብሮ ይሄዳል። በካሜራ አፑ ሴቲንግ ቦታ መመዝገብን ማጥፋት ይህን ከሥሩ ይፈታል።

«የሚጨነቅ የሚደብቀው አለው»

ይህ ክርክር ሳይሆን ሽሙጥ ስለሆነ አንቆይበትም። የልደት ቀን ከነዓመቱ፣ የእናት ስም፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት፦ አንዱም ነውር የለበትም፤ ሁሉም ግን ሰው የይለፍ ቃሉን ሲረሳ ማንነቱን የሚጠየቅባቸው ናቸው። ፌስቡክ የልደት ቀንና ወርን ከዓመቱ ለይቶ ያስቀምጣል፤ መልካም ምኞት የሚፈልግ ቀኑን ለጓደኞች ትቶ ዓመቱን ለራሱ ብቻ ያድርግ።

ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጽ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ሁሉን ያያሉ ማለቱን ግን እንቀበላለን። «ለራስ ብቻ» የተባለ ፖስትም በእነርሱ ሰርቨር ላይ ነው። የቴሌግራም ተራ ቻትና ግሩፕም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከተጻጻፊዎቹ በቀር ማንም የማያነበው) አይደለም፤ ያ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል በሚከፈተው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው። ተመልካች መገደብ የሚያገለግለው ከጎረቤት፣ ከአለቃ፣ ከአጭበርባሪና ከእንግዳ ነው። ጽሑፉ ግን ከዚህ ተነሥቶ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው ይላል፤ ሰው ግን በብዛት የሚጎዳው በሚያውቁት ሰዎች ነው።

ጽሑፉ ሲዘጋ አንባቢው ምክሩን ፈጽሞ «ፕራይቬት አድርጌአለሁ» ብሎ ከሥሩ ኮመንት እንዲጽፍ ይጋብዛል። ፖስቱ «ለሁሉም» የተከፈተ ነው። የጻፉት ሰዎች ስማቸውና ፎቶአቸው ማንም በሚያየው ቦታ ተደርድሯል፤ ለማንሣት «አክቲቪቲ ሎግ» ከፍቶ «ኮመንትስ» የሚለውን መምረጥና መሰረዝ ነው።